ሕጉ ምን ይላል? ስለ አዋጅ፣ ስለ አንቀጽና ስለ ችሎት ከሰሜን ሸዋ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አካባቢ ጠዋት የሚያልፍ ሰው የሚያየው ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከእነዋሪ የመጣ ባለጉዳይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ሬጅስትራሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። አጠገቡ ያለውን ሰው የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሕጉ ምን ይላል?»

ይህ ጥያቄ ግማሽ ነው። ሙሉው «የትኛው አዋጅ፣ ስንተኛው አንቀጽ ምን ይላል?» ነው። የእኛ ሕግ የተጻፈ ሕግ ነው። የተጻፈ ነገር ደግሞ ይነበባል፣ ይጠየቃል፣ «አሳየኝ» ይባላል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ጠበቃን አይተኩም። ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ ግን ምን እንደምትጠይቁ እንድታውቁ ያግዛሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ሲባል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልዩነቱ ማን አወጣው የሚለው ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 9 ከእሱ ጋር የሚጋጭ ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራርም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደሌለው ይደነግጋል። ቀጥሎ አዋጅ ይመጣል። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው፤ በፌዴራል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በክልል የክልሉ ምክር ቤት። ደንብ በፌዴራል ደረጃ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ ያንንም አዋጁ በሰጠው ሥልጣን ልክ። መመሪያ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አዋጁንና ደንቡን ለማስፈጸም የሚያወጣው ነው።

ታችኛው ላይኛውን ሊቃረን አይችልም። አዋጁ የሰጣችሁን መብት መመሪያ ሊነጥቃችሁ አይችልም። ይህችን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፤ መስኮት ላይ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲባል ዝም ብሎ ይመለሳል።

ታዲያ «መመሪያው አይፈቅድም» ስባል ምን ላድርግ?

መመሪያውን እንዲያሳዩአችሁ በትሕትና ጠይቁ። ቁጥሩንም ጻፉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለላችሁ። በዚህ አዋጅ መሠረት መመሪያ ሲዘጋጅ ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት መደረግ አለበት። ከጸደቀ በኋላ መመዝገብና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። በመሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ መመሪያ በዚህ አዋጅ ፊት መቆሚያ የለውም። መመሪያው ከአዋጅ ውጭ ነው የሚል ሰውም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ይህ አዋጅ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው። በክልል፣ በወረዳና በቀበሌ ያለውን ጉዳይ የክልሉ ሕግ ይገዛዋል። ቢሆንም በየትኛውም መሥሪያ ቤት «በጽሑፍ መልስ ስጡኝ» ማለት ተገቢ ነው። በቃል የተሰጠ እምቢታ ይዞ አቤት ማለት ከባድ ነው።

የእኛ አገር ሕግ «የኮድ ሕግ» ነው ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቁ ሁለት ዓይነት አሠራሮች አሉ። በአንደኛው፣ እንግሊዝና እሷ የገዛቻቸው አገሮች በሚከተሉት፣ ቀደም ያሉ ዳኞች የወሰኑት ውሳኔ ራሱ ትልቅ የሕግ ምንጭ ነው። በሁለተኛው፣ ፈረንሳይና ሌሎች የአውሮፓ አገሮች በሚከተሉት፣ መነሻው በሕግ አውጪው የተጻፈ፣ ተጠቃሎ የተዘጋጀ ሕግ ነው። ዳኛው መጀመሪያ የሚከፍተው መጽሐፉን ነው።

እኛ ሁለተኛውን መረጥን። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949 ወጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ በ1952 ተከተሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። አዋጅ ቁጥሩ 165/1952 ሲሆን 3,367 አንቀጾች አሉት። ዛሬም ድረስ ከእጃችን አልወጣም። ሰው ቤት ሲገዛ፣ ሲበደር፣ ሲናዘዝ፣ በሰው ጥፋት ሲጎዳ ሁሉ የሚጠቀስለት ይኸው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ በአምስት ክፍል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍልም ራሱ «መጽሐፍ» ይባላል። ስለ ሰው ይጀምራል። ስለ ቤተሰብና ውርስ ይቀጥላል። ከዚያ ስለ ንብረት፣ ከዚያ ስለ ግዴታዎች በአጠቃላይ፣ በመጨረሻ ስለ ልዩ ልዩ ውሎች ይናገራል። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ጠቅላላው ከልዩው ይቀድማል። ስትፈልጉ ግን ከልዩው ትጀምራላችሁ።

አንድ ጉዳይ እንይ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በሬ ገዛችሁ። ቤት ስታደርሱት የተደበቀ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። መጀመሪያ የምትሄዱት አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሽያጭ ወደሚናገረው ክፍል ነው፤ ከአንቀጽ 2266 ይጀምራል። ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ያለበት ኃላፊነት ከ2287 ጀምሮ ተጽፏል። እዚያው ላይ ግን የገዢም ግዴታ አለ። ገዢው ዕቃውን በጊዜ መመርመር፣ ጉድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ መናገር አለበት። ሁለት ወር በጋጣ አስሮ፣ አውድማ ላይ አበራይቶበት «በሬህ ታሞ ነበር» ማለት አያዋጣም። ሽያጭ ላይ የማታገኙትን፣ ለምሳሌ ሻጩ ሆን ብሎ ቢያታልል ውሉ ምን ይሆናል የሚለውን፣ ወደ አራተኛው መጽሐፍ ተመልሳችሁ ስለ ውሎች በጠቅላላው ከሚናገረው ክፍል ትፈልጋላችሁ። እሱ ከ1675 ይጀምራል። አንድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ አያልቅም። «ይቺ አንቀጽ ትበቃኛለች» ብሎ የሚሟገት ሰው የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

ዳኛው «ይህ ሕግ አርጅቷል» ብሎ ሊተወው ይችላል?

አይችልም። ነገሩን በደንብ የሚያሳይ ምሳሌ ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ሰው ለጎረቤቱ 40,000 ብር አበደረ። ጎረቤት ስለሆነ ወረቀት አልተጻፈም። ሦስት ሰዎች ግን ገንዘቡ ሲቆጠር አይተዋል። ጎረቤት ካደ። አበዳሪው «ሦስት ምስክር አለኝ፣ ምን ያስፈራኛል» ብሎ ይከሳል። ችሎት ላይ ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ይጠብቀዋል (ከዚህ በኋላ «ቁጥር» ብቻ ስል የዚህን ሕግ አንቀጽ ማለቴ ነው)። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ሦስቱ ምስክሮች እውነተኞች ቢሆኑ እንኳ ብድሩን በእነሱ ማስረዳት አይቻልም።

500 ብር በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ደህና ዶሮ አይገዛም። ዳኛው ይህን ያውቃል። ልቡ ከአበዳሪው ጋር ሊሆንም ይችላል። ቁጥሩን ግን በራሱ ሥልጣን 50,000 ሊያደርገው አይችልም፤ ያ የምክር ቤት ሥራ ነው። ተመሳሳይ ነገር በቁጥር 2116 ላይም አለ። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈል ካሣ ከ1,000 ብር መብለጥ የለበትም ይላል። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አባት ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። እኔ እነዚህ ቁጥሮች ቶሎ መሻሻል አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እስኪሻሻሉ ግን ሕግ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ ስታበድሩ ጻፉ። ለወንድምም ቢሆን ጻፉ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። በሕግ በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ ያስፈልገዋል (ቁጥር 1727)፤ የብድር ወረቀትም በዚሁ መልክ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወይም ዓይነ ስውር የሆኑ እናትና አባት ሲፈርሙ ደግሞ ተጨማሪ ጥበቃ አለ። ፊርማቸው ወይም የጣት አሻራቸው የሚያስገድዳቸው ውል አዋዋይ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው (ቁጥር 1728)። አሻራቸውን ጓዳ ውስጥ ተቀብሎ «እማማ ፈርመዋል» ማለት አይሠራም። ይህችን አንቀጽ እወዳታለሁ። ብዙ አሮጊት ከቤቷ እንዳትፈናቀል አድርጋለች ብዬ አስባለሁ።

ብድሩ ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ከ500 ብር በላይ ከሆነ መክፈላችሁን የሚያሳይ ወረቀት ተቀበሉ። በባንክ ወይም በቴሌብር ከተላከ ደረሰኙ ገንዘቡ መተላለፉን ያሳያል፤ ለምን እንደተላለፈ ግን ብቻውን አይናገርም። ወለድ ከተስማማችሁም ከዓመት 12 በመቶ እንዳይበልጥ፤ ቁጥር 2479 ላይ ተጽፏል።

ዳኛው ሕግ ካላወጣ ሥራው አንቀጽ ማንበብ ብቻ ነው?

አይደለም። ሕጉ ራሱ ለዳኛው የተወለት ቦታ ብዙ ነው። ውል በቅን ልቦና ይተረጎማል ይላል ቁጥር 1732። ቅን ልቦና በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ነበር? ይህን የሚመዝነው ዳኛው ነው። «ተገቢ ጊዜ»፣ «በቂ ምክንያት» የሚሉ ቃላትም በየቦታው አሉ። ግልጽ በሆነው ላይ ግን እጁ የታሰረ ነው። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ይታሰራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በሕግ ወንጀል ያልተባለን ድርጊት በማመሳሰል ወንጀል ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። ድርጊቱ የቱንም ያህል የሚያስቆጣ ቢሆን ማለት ነው።

«ሰበር ወስኖበታል» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ደግሞ ምንድን ነው?

ሰበር የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ሲባል የሚያየው ችሎት ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሥርዓት ከንጹሑ የኮድ ሥርዓት ወጣ ይላል። ከ1997 ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች ተሰይሞ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። የሞጃና ወደራ ወረዳ ዳኛም ይገደድበታል፣ የባሕር ዳሩም እንዲሁ።

ልብ በሉ፣ ችሎቱ አዲስ አንቀጽ አይጽፍም። ያለው አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነ ነው የሚናገረው። የቤት ሽያጭን እንውሰድ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። ካልተመዘገበስ? ውሉ ፈራሽ ነው ወይስ ምዝገባው ለማስረጃ ብቻ ነው? ፍርድ ቤቶች በዚህ ሲለያዩ ኖሩ። ሰበር በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ተረጎመ። በኋላ በቀረበ ጉዳይ ደግሞ ሻጩ ራሱ መሸጡን ካልካደ አለመመዝገቡን መከራከሪያ ሊያደርገው እንደማይችል ታየ።

ደብረ ብርሃን እየሰፋች ነው። ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ዩኒቨርሲቲው ሰው አምጥቷል፤ የቤት ዋጋም ወጥቷል። ዋጋ ሲወጣ የድሮ ሻጭ ሐሳቡን ይቀይራል። «በሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ውሉን አስመዝግቡ።

የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። ጠበቃችሁን «በዚህ ጉዳይ ሰበር ምን ብሏል? መዝገብ ቁጥሩስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ደህና ጠበቃ በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

የእኛ ሕግ የአማራ ክልል ነው ወይስ የፌዴራል?

ሁለቱም። ጉዳዩ የትኛው ነው የሚለው ይወስነዋል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ጫጫን አልፋችሁ ሸኖ ስትደርሱ ከአማራ ክልል ወጥታችሁ ኦሮሚያ ገብታችኋል። በነገራችን ላይ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፤ ሌላው በኦሮሚያ፣ መቀመጫው ፍቼ። በአስፋልቱ ላይ ምንም አይለወጥም። የወንጀል ሕጉ ያው ነው፣ የሠራተኛና አሠሪ ሕጉ ያው ነው፣ የንግድ ሕጉም ያው ነው። እነዚህን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ለፌዴራሉ ምክር ቤት ሰጥቷል። የጋብቻና የፍቺ ሕግ ግን ይለወጣል። ጫጫ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ሸኖ ላይ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ይሠራል። አዲስ አበባ ስትደርሱ ደግሞ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይጠብቃችኋል። ሦስቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ክስ ስትጽፉ ግን የምትጠቅሱት አዋጅ ትክክለኛው መሆን አለበት።

የገጠር መሬትም እንደዚሁ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ፣ አለመሸጡና አለመለወጡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለመላው አገር ነው። ፌዴራሉ በዚህ ላይ ጠቅላላ አዋጅ አለው። የኪራዩ፣ የስጦታው፣ የውርሱ፣ የደብተሩ ዝርዝር ግን በእኛ በኩል የአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 ላይ ነው። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣ ዝክረ ሕግ ይባላል። የፌዴራሉ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው።

አዲስ አዋጅ ሲወጣ የድሮው በሙሉ ይሞታል?

ሁልጊዜ አይደለም። አዲሱ አዋጅ መጨረሻ አካባቢ «የተሻሩ ሕጎች» የሚል አንቀጽ አለው። መጀመሪያ እሱን አንብቡ። የንግድ ሕጉ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ወጣ። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የነበረውን ተካ። ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ሐዋላ ሰነድና ስለ ቼክ የነበረው ግን ከ1952ቱ መጽሐፍ ቀጠለ። ደረቅ ቼክ የተሰጠው ነጋዴ ዛሬም ወደ ድሮው ይሄዳል።

አንዳንዴ ደግሞ አንቀጹ በመጽሐፉ ላይ እንደታተመ ይቀርና ሥራ ያቆማል። የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ መሬት ባለቤትነት የሚለው ብዙ ነገር ባዶ ሆነ። መንዝ ውስጥ «አጽመ ርስቴ» ብሎ የሚሟገት አዛውንት ዛሬም ታገኛላችሁ። የሚናገሩት የአባቶቻቸውን ታሪክ ነው፤ ይከበራል። ፍርድ ቤት የሚመለከተው ግን በስማቸው የተሰጠውን የይዞታ ደብተር ነው።

ሁለት ሕጎች ሲጋጩ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የትኛው ከፍ ይላል? የትኛው ለዚህ ጉዳይ ተለይቶ ወጣ? የትኛው በኋላ መጣ? የቤት ሠራተኞችን ነገር ተመልከቱ። ከገጠር መጥታ ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር በቀጥታ አትገባም። ይህ ማለት ግን ሕግ የላትም ማለት አይደለም። ልዩው ሕግ ካልያዛት ጠቅላላው ይይዛታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2601 ጀምሮ አሠሪው ቤቱ ለሚኖር ሠራተኛ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ የዕረፍትና የጸሎት ጊዜውን በተመለከተ ጤንነትና ሞራል እንዳይጎዳ አስፈላጊውን እንዲያደርግ ያዝዛል። ስልሳ ዓመት ያለፈው ጽሑፍ ነው። ብዙ አሠሪ አንብቦት አያውቅም። ቢያነብ ደስ ይለኛል።

አዋጅ የሚጸናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?

ቴሌቪዥን ላይ «ጸደቀ» ስለተባለ ብቻ ሥራ ላይ አልዋለም። ምክር ቤቱ ካጸደቀው በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት እንኳ ያለ ፊርማ ይጸናል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ አለ። ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። የመጨረሻውን አንቀጽ እዩ፦ «በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ» ሊል ይችላል፤ ወይም ቀን ቆርጦ ያስቀምጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ወጥቶ ሥራ የጀመረው በአዲሱ ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ነው።

በወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተሂዶ አይቀጣም። ትናንት ወንጀል ያልነበረ ነገር ዛሬ ወንጀል ቢባል የትናንቱ አያስጠይቅም። አዲሱ ሕግ ለተከሳሹ የሚሻል ከሆነ ግን በአዲሱ ይጠቀማል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22።

«ይህ ሕግ መኖሩን አላውቅም ነበር» ማለት ያድነኛል?

አያድንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 አለማወቅ መከላከያ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ቅጣት ለማቅለል ግን ሊታይ ይችላል። በአካባቢያችን ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከልጅነት ጋብቻ ጋር ነው። «በእኛ ባህል እንዲህ ነው» ይባላል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ላይ ቅጣቱ ተጽፏል፦ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ 13 ያልሞላት ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ደግሶ የዳረ አባት ችሎት ቆሞ «አላወቅሁም» ቢል ልጅቷ ያጣችው ትምህርትና ጤና አይመለስም። ይህን ለጎረቤት መንገር የሁላችንም ሥራ ነው።

ሽማግሌ የጨረሰው ነገር በሕግ ይጸናል?

እንደ ጉዳዩ ነው። በገንዘብ፣ በድንበር፣ በውርስ ክፍፍል ሽማግሌ ፊት የተደረገ ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ በደንብ ከተፈረመ ውል ነው። በሕግ መሠረት የተደረገ ውል ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል ቁጥር 1731። ነፍስ ከጠፋ ግን እርቁ ደም ያደርቃል፣ ቂም ያስቀራል፤ የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም። በግል አቤቱታ የሚቀርቡ ቀለል ያሉ ወንጀሎች ብቻ በእርቅ ሊቀሩ ይችላሉ።

ስለ ልማድ በጠቅላላው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጨክኗል። ቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈነ ጉዳይ ላይ ቀድሞ የነበረውን የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ ሁሉ ሽሯል። አንዳንዱ ልማድ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በሕግ በር ተመልሶ ይገባል። መንዝ ጓሳ አንዱ ነው። የመንዝ ሰው በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ጓሳውን፣ ማለትም የደጋውን የሣር መሬት፣ «ቄሮ» በሚባል የአባቶች የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖረ። ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይከለከላል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ቀኑ ሲፈቀድ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ መሠረቱን አጣ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ የመተዳደሪያ ደንብ ይዞ ተደራጀ። ክልሉም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ያ ሣር የቆመው በአባቶች ሥርዓትና በተጻፈ ሕግ ጥምረት ነው።

ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብዬ ብከራከር ዳኛው ይወስንልኛል?

በእኛ አገር ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክርክሩን መጀመሪያ የሚያጣራው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ፍርድ ቤቱ ወደዚያ ይመራዋል።

የአዋጅ ቁጥር እንዴት ይነበባል? አዋጁንስ ከየት አገኛለሁ?

«አዋጅ ቁጥር 414/1996» ሲባል 414 ተራ ቁጥሩ ነው፣ 1996 ዓመቱ ነው፤ ይህ የወንጀል ሕጉ ነው። የፌዴራሉ ቆጠራ በ1987 ከሕገ መንግሥቱ ከአንድ ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይቀጥላል። ክልሉ የራሱ ቆጠራ ስላለው «አዋጅ 79» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የማን እንደሆነ ተናገሩ። የእንግሊዝኛው ቅጂ አጠራጣሪ ሲሆን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛው የበላይ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንዲህ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስታገኙት ገጹ ላይ የጋዜጣውን ስም፣ ቁጥርና ቀን ተመልከቱ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ረቂቅ ብዙ ጊዜ ያልጸደቀው ነው።

አባታችን አርጅተዋል፤ ኑዛዜ ሊያደርጉ ይፈልጋሉ። በቃል ይበቃል?

በጽሑፍ ያድርጉት። ሌላ ሰው የሚጽፍላቸው ከሆነ ኑዛዜው በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ መፈጸሙ ራሱ ኑዛዜው ላይ ይጻፍ፣ እሳቸውና ምስክሮቹም እዚያው ይፈርሙ (ቁጥር 881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል (882)። ራሳቸው የሚጽፉ ከሆነ ሙሉውን በእጃቸው ይጻፉት፤ ቀኑንና ፊርማቸውን አይርሱ። ሦስት ምስክር ይዞ የመጣ ኑዛዜ ስንት ወንድማማች አጣልቷል። የእርሻ መሬት ካላቸው ደግሞ የክልሉን አዋጅ 252/2009 አብራችሁ ተመልከቱ።